ዓይነ አፋሩ ሊቅ፤ የጄምስ ቻድዊክ የሕይወት ታሪክ

ስለ ኒውተንና ስለ አንስታይን ያልሰማ ሰልጣኝ በግቢያችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ማዳም ኩሪንም ቢሆን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለን። ጄምስ ቻድዊክ ሲባል ግን እሱ ደግሞ ማነው የሚለው ይበዛል። ይሁንና ነገ ከነገ ወዲያ ተመርቀን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ጠመኔ ስንይዝ፣ ሰሌዳው ላይ አቶምን በክብ በክብ ስለን ከመሐሉ ፕሮቶንና ኒውትሮን ብለን መጻፋችን አይቀርም። ከሁለቱ ቃላት ሁለተኛዋን እንድንጽፍ ያበቃን ይኸው ሰው ነው። ስለሆነም በዚህ ዕትም ሕይወቱን ባጭሩ፣ ያገኘውን ነገር ደግሞ ትንሽ ዘርዘር አድርገን ለማቅረብ አስበናል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።

ቻድዊክ የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1891 (በ1884 ዓ.ም.) ቦሊንግተን በምትባል የእንግሊዝ አገር ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በጥጥ ፋብሪካ የምትኖር ነበረች። አባቱ ጥጥ ፈታይ ሠራተኛ፣ እናቱም በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ልጁ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወላጆቹ ኑሮ ለማሸነፍ ወደ ማንቸስተር ሲሄዱ እሱን ለእናቱ ወላጆች ትተውት ሄዱ። በእኛ አገር አያት ያሳደገው ሲባል ቅምጥል ማለት ነው። ይኼኛው ግን ዝምተኛና ብቸኛ ሆኖ ነው ያደገው፤ ዝምታውም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር በማንቸስተር ካሉት ትምህርት ቤቶች በዝናው ቀደምት ለነበረው ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘ። ነፃ ቢባልም ቤተሰቡ መክፈል የነበረበት ትንሽ ገንዘብ ቀርታ ነበር። ያቺን ትንሽ ገንዘብ የሚከፍል ጠፋ። ዕድሉ ቀረና ልጁ ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። ያቺ ትንሽ ገንዘብ ምን እንደምትመስል ለሰልጣኝ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለደብተርና ለዩኒፎርም እየተባለች ስንቱን የክፍል ጓደኛችንን ከመንገድ እንዳስቀረች እናውቃለንና። ቻድዊክ ግን በ16 ዓመቱ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቁ ሁለት የነፃ ትምህርት ፈተናዎች ተፈትኖ ሁለቱንም አለፈ። በ1908 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሚያስቀው ነገር የተፈጠረው። ቻድዊክ የፈለገው ሒሳብ ለመማር ነበር። አዲስ ገቢዎች በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በየትምህርቱ ዓይነት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በመምህራን ይጠየቁ ነበር። ልጁ ተሳስቶ ፊዚክስ ከሚማሩት ጋር ተቀመጠ። ጠያቂው መምህር ስለ ፊዚክስ ይጠይቀው ጀመር። ይኼኔ ስሕተቱ ገባው፤ ነገር ግን ተነሥቶ እኔ የመጣሁት ለሒሳብ ነው ለማለት አፈረ። ጠያቂው በትሕትና ስላነጋገረው ጭራሽ ደፍሮ ሊያስቀይመው አልቻለም። በዚያው ፊዚክስ ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ! መቼም እዚህ ግቢ ካለነው መካከል የመጀመሪያ ምርጫችን መምህርነት ያልነበረ ስንቶቻችን እንደሆንን እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ በአግዳሚ ወንበር ስሕተት የገባ ግን ያለ አይመስለንም።

የመጀመሪያው ዓመት አልጣመውም ነበር። ከቤቱ ዩኒቨርሲቲው ድረስ 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን በእግሩ ይሄዳል፤ ማታ ያንኑ ይመለሳል። ምሳ የሚበላበት ገንዘብ በእጁ አይገኝም። በሁለተኛው ዓመት ግን ኧርነስት ራዘርፎርድ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ሲያስተምር ሰማ። ራዘርፎርድ የኒውዚላንድ ሰው፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ የሆነ፣ የኖቤል ሽልማት የወሰደ ታላቅ ሊቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቻድዊክ ሒሳብን ረሳት።

በመጨረሻው ዓመት ራዘርፎርድ አንድ የምርምር ሥራ ሰጠው። ሁለት ራዲዮአክቲቭ ነገሮች የሚያወጡትን ጨረር የማወዳደር ሥራ ነበር። ቻድዊክ ሥራውን ገና ሲጀምር መምህሩ ያመላከተው ዘዴ እንደማይሠራ ተገነዘበ። ታዲያ ምን ያድርግ? ሄዶ መናገር ፈራ። ዝም ብሎ ለብቻው ሲታገል ከርሞ ሌላ ዘዴ አገኘና ሥራውን ጨረሰ። ሁለቱም ስም ያለበት ጽሑፍ በ1912 ወጣ። ነገሩ በመልካም አለቀ ይባል ይሆናል። ነገር ግን ወደ መምህርነት የምንሄድ ሰዎች ይኼንን በተማሪው በኩል ብቻ ሳይሆን በመምህሩ በኩልም ማየት ያለብን ይመስለናል። ከክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ የሰሌዳችንን ስሕተት እያየ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ይኖራል። ራዘርፎርድን የሚያህል ደግ መምህር እንኳ እንዲህ ይፈራ ከነበረ፣ በአርጩሜ የሚያስተምረውማ!

በ1913 ወደ ውጭ አገር ሄዶ የሚመራመርበት የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘና ወደ በርሊን፣ ወደ ሃንስ ጋይገር ዘንድ ሄደ። የጨረር መቁጠሪያውን መሣሪያ የሠራው ጋይገር ማለት ነው። በዓመቱ በ1914 ቤታ ጨረር በተለያየ ጉልበት ያለማቋረጥ የተዘረጋ መሆኑን አሳየ። ይህች ግኝት የዓለምን ፊዚሲስቶች ለብዙ ዓመታት ግራ ስታጋባ ኖራለች። ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እንግሊዛዊ የሆነ ሁሉ ጠላት ተባለ። ቻድዊክም ከብዙ ሺህ የአገሩ ሰዎች ጋር ሩህሌበን በሚባል የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ላይ ታሰረ። ማደሪያቸው የፈረስ ጋጣ ነበር፤ ለሁለት ፈረስ በተሠራው ጋጣ ስድስት ሰው ያድርበታል። የበርሊን ክረምት ጨካኝ ነው፤ የሮቤን የኅዳር ሌሊት ብርድ የቀመሰ በጥቂቱ ሊገምተው ይችላል፣ በረዶውን ይጨምርበት እንጂ። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት!

ብዙው ሰው እዚያ ቦታ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ይላል። ቻድዊክ ግን ጋጣው ውስጥ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ለመሆኑ በምን ዕቃ? በዚያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ ለጥርስ ይበጃል እየተባለ ቶሪየም የገባበት የጥርስ ሳሙና በሱቅ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ብንሰማው የሚያስደነግጥ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የጨረር ጉዳት ገና በሚገባ አልታወቀም ነበር። ቻድዊክ ያንን የጥርስ ሳሙና በዘበኞቹ በኩል እያስገዛ የራዲዮአክቲቭ ምንጭ አደረገው። ከዚያ ሽቦና ቆርቆሮ እየለቃቀመ መለኪያ ሠራ። አንዳንድ የጀርመን ሳይንቲስቶችም ጠላት ነው ሳይሉ አገዙት። ይኼ ብቻ አይደለም። እዚያው ታስሮ የነበረ ቻርልስ ኤሊስ የሚባል ለመኮንንነት የሚሠለጥን ወጣት ነበር፤ ቻድዊክ ፊዚክስ አስተማረው። ኤሊስ ከእስር ሲወጣ ውትድርናውን ትቶ ፊዚሲስት ሆነ፤ ቆይቶም የታወቀ ሊቅ ለመሆን በቃ። እኛ ሳይንስ ለማስተማር ዕቃ የለም፣ ኬሚካል የለም እያልን ስናማርር (ማማረራችንም ያለ ምክንያት አይደለም) ይህችን የጋጣ ላቦራቶሪ ማስታወስ አይከፋም።

ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ ቻድዊክ ጤናው ተጎድቶ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ራዘርፎርድ የጥቂት ሰዓት የማስተማር ሥራ ሰጠው። በ1919 ራዘርፎርድ በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሲሆን ተማሪውንም ይዞት ሄደ። ቻድዊክ በ1921 የዶክተርነት ማዕረጉን አገኘ፤ በ1923 ደግሞ የላቦራቶሪው የምርምር ምክትል ኃላፊ ሆነ። በ1925 የሊቨርፑል ልጅ የሆነችውን አይሊን ስቱዋርት-ብራውንን አግብቶ ሁለት መንታ ሴቶች ልጆች ወልዷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በዚያ ዘመን የአቶም ማዕከል ማለትም ኑክሊየስ እንቆቅልሽ ነበር። ሂሊየምን እንውሰድ። ኤሌክትሪካዊ ሙሌቱ 2 ነው፤ ስለዚህ 2 ፕሮቶን አለው እንላለን። ክብደቱ ግን የ4 ፕሮቶን ያህል ነው። የቀረው ክብደት የማነው? ናይትሮጅንም እንዲሁ፤ ሙሌቱ 7፣ ክብደቱ 14። አብዛኞቹ ሊቃውንት በኑክሊየሱ ውስጥ ተጨማሪ ፕሮቶኖችና እነሱን የሚያጣፉ ኤሌክትሮኖች አሉ ይሉ ነበር። ራዘርፎርድ ግን በ1920 ባደረገው ንግግር ክብደቷ እንደ ፕሮቶን የሆነ፣ ሙሌት ግን ፈጽሞ የሌላት አንዲት ቅንጣት ልትኖር ትችላለች ሲል ገመተ። በዚያን ጊዜ ራዘርፎርድና ቻድዊክ በጨለማ ክፍል ተቀምጠው በአጉሊ መነጽር የጨረር ብልጭታ ይቆጥሩ ነበር። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ መቀመጥ ስላለባቸው በዚያች ሰዓት ራዘርፎርድ ስለዚህች ቅንጣት ያወራለት ነበር። እኛ መኝታ ክፍል መብራት ሲጠፋ የምናወራው ወሬ ከዚህ ትንሽ ይለያል።

ቻድዊክ ቅንጣቷን ለ12 ዓመት ያህል ፈለጋት። በዚህም ሞከረ፣ በዚያም ሞከረ፤ አልተገኘችም። ምክንያቱም ሙሌት የሌለው ነገር በመሣሪያ ላይ ምልክት አይተውም። በማግኔት አይታጠፍም፣ በኤሌክትሪክ አይሳብም። ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ማንም አያየውም።

በ1930 ቦተና ቤከር የሚባሉ ጀርመናውያን ቤሪሊየም የሚባለውን ቀላል ብረት በአልፋ ቅንጣት ሲደበድቡት ከፍተኛ የማለፍ ኃይል ያለው ጨረር እንደሚወጣ አዩ፤ ጋማ ጨረር ነው ብለው አለፉት። በጃንዋሪ 1932 ደግሞ የማዳም ኩሪ ልጅ ኢሬንና ባለቤቷ ፍሬደሪክ ዦሊዮ ፓሪስ ውስጥ ያንን ጨረር በሻማ ሰም (ፓራፊን) ላይ ቢለቁት ከሰሙ ውስጥ ፕሮቶኖች በታላቅ ፍጥነት ተፈናጥረው ሲወጡ አገኙ። እነሱም ይኼ የጋማ ጨረር ሥራ ነው ብለው አሳተሙ። ጽሑፉ ካምብሪጅ ሲደርስ ቻድዊክ አንብቦ ለራዘርፎርድ ነገረው። ሁልጊዜ ነገርን በትዕግሥት የሚሰማው ራዘርፎርድ በዚያን ቀን አላምንም ብሎ ጮኸ።

ለምን እንዳላመነ ለመረዳት ሁላችንም በልጅነታችን የተጫወትነውን ብይ እናስታውስ። አንድ ብይ ወርውረን በእኩያው ብይ ላይ ፊት ለፊት ብንመታው የመጣው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቆሞ የነበረው ፍጥነቱን በሙሉ ወስዶ ይሄዳል። ትልቅ ድንጋይ ብንመታ ግን ብዩ ነጥሮ ይመለሳል፤ ድንጋዩ ምንም አይሆንም። ጋማ ጨረር ክብደት የሌለው ብርሃን ነው። በብርሃን ፕሮቶንን ያን ያህል ማስፈንጠር በባትሪ መብራት የወፍጮ ድንጋይ እንደ መግፋት ያለ ነገር ነው። ቻድዊክ ሒሳቡን ሲሠራው ፕሮቶኑን ለማስፈንጠር ጋማው 50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ቤሪሊየሙ ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ሊሰጥ አይችልም። ከባዱን ናይትሮጅን ለመግፋት ሲሰላ ደግሞ 90 ሚሊዮን ገደማ ይጠየቃል። አንድ ጨረር ሰሙ ፊት 50፣ ናይትሮጅኑ ፊት 90 ሊሆን አይችልም። ጨረሩ ግን ክብደቷ እንደ ፕሮቶን የሆነ ቅንጣት ናት ቢባል ሁሉም ቁጥር ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። እኩያ ብይ እኩያውን መታው ማለት ነው።

መሣሪያው ቀላል ነበር፤ ዛሬ በሙዚየም ያየው ሰው በእጅ የሚያዝ የቧንቧ ቁራጭ ነው የሚለው። በቧንቧው ውስጥ አልፋ የሚያወጣው ፖሎኒየምና አንድ የቤሪሊየም ምጣድ መሰል ሳህን ተቀምጠዋል። ፖሎኒየሙ የተገኘው በአሜሪካ ባልቲሞር ካለ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ካገለገሉ አሮጌ የራዶን ብልቃጦች ነው። ከቧንቧው ፊት መቁጠሪያ አለ። መሣሪያው ሲቀርብ መቁጠሪያው በደቂቃ 4 ያህል ቆጠረ። ከመሐል 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ቢጋረድ ቁጥሩ ይህን ያህል አልቀነሰም፤ ጨረሩ አልፎት ይሄዳል። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የሻማ ሰም ሲጋረድ ግን ቁጥሩ በመቀነስ ፈንታ አሻቀበ! መጋረጃ ጋርደን ብርሃን ሲጨምር እንደ ማየት ነው። ከሰሙ ውስጥ ፕሮቶኖች እየተመቱ ይወጡ ነበርና።

ቻድዊክ ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ እየተኛ ሥራውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨረሰ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1932 (በ1924 ዓ.ም. የካቲት ወር) ኔቸር ለሚባለው መጽሔት አንድ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ጻፈ። በርዕሷም ኒውትሮን አለች አላለም፤ ልትኖር ትችላለች ነው ያለው። ያንን ሰሞን ለጓደኞቹ ገለጻ አድርጎ ሲጨርስ የለመነው ነገር ቢኖር ማደንዘዣ ሰጥተው ሁለት ሳምንት እንዲያስተኙት ብቻ ነበር። የዦሊዮ-ኩሪዎቹ ነገር ያሳዝናል፤ ኒውትሮንን በእጃቸው ይዘው ስሟን ሳያውቁ ለቀቋት። ይሁን እንጂ በ1935 ቻድዊክ የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለም እነሱም በሌላ ግኝታቸው የኬሚስትሪውን ወሰዱ። ያ ዲሴምበር፣ በ1928 ዓ.ም.፣ አባቶቻችን በሰሜን ግንባር ከፋሽስት ጦር ጋር የሚፋለሙበት ወር ነበር።

ጣሊያንን ካነሣን አይቀር፣ ከወረራው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኦክቶበር 1934 ሮም ውስጥ ኤንሪኮ ፌርሚ ኒውትሮን በሰም ወይም በውኃ ውስጥ ስታልፍ ፍጥነቷን እንደምታጣና የዘገየችው ኒውትሮን ኑክሊየስ ውስጥ ለመግባት ይበልጥ እንደምትመች አገኘ። እንደገና ያው የብይ ነገር ነው፤ በእኩዮቿ ሃይድሮጂኖች ላይ እየተጋጨች ትዝላለች። በ1938 መጨረሻ ሃንና ሽትራስማን በርሊን ውስጥ በኒውትሮን የተመታ ዩራኒየም ለሁለት እንደሚከፈል የሚያሳይ ውጤት አገኙ፤ ትርጉሙን ያብራሩት ሊዘ ማይትነርና የእኅቷ ልጅ ፍሪሽ ናቸው። ዩራኒየሙ ሲከፈል ሁለት ሦስት አዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነዚያም ሌሎቹን ይከፍላሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መገመት ለሚችል ሰው ዘመኑ አስፈሪ ነበር።

ቻድዊክ በ1935 ወደ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ነበር። ላቦራቶሪው ያረጀ ስለነበር ከኖቤል ገንዘቡ ከፍሎ ሳይክሎትሮን የሚባል ትልቅ መሣሪያ እንዲሠራ አደረገ። በ1939 መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ሁለተኛው ጦርነት መጣ። ጦርነቱ ሲታወጅ ከነቤተሰቡ ለዕረፍት አውሮፓ ነበር፤ ያ የፈረስ ጋጣ ትዝ ብሎት ባገኘው የጭነት መርከብ ተሳፍሮ አመለጠ። የጀርመን ቦምብ ሊቨርፑልን ሲደበድብ የላቦራቶሪው መስታወት እየረገፈ ስላስቸገረ በካርቶን ተተካ።

በ1941 ጸደይ ስሌቱን ጨርሶ ሲያየው የአቶም ቦምብ ሊሠራ የሚችል ብቻ ሳይሆን መሠራቱ የማይቀር መሆኑ ገባው። በዓለም ላይ ይህን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የሚያማክረውም አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለውና የእንቅልፍ ክኒን መዋጥ ጀመረ። እስከ እርጅናው አልተዋትም። ከ1943 ጀምሮ በአሜሪካ የቦምቡ ሥራ ላይ የተሰማሩትን የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች መርቷል። ይህ ዓይነ አፋር ሰው ከኃይለኛው ጄኔራል ግሮቭስ ጋር እንዴት እንደተስማማ የሚገርም ነው፤ ለብዙዎች የተከለከሉትን ቦታዎች ሁሉ እሱ ይገባ ነበር። በኦገስት 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ጠፉ። ቻድዊክ ሥራውን በጀርመን እንዳይቀደሙ በሚል ስጋት እንደጀመሩት እናውቃለን። ጀርመን ግን ቀድማ ተሸንፋለች፤ ቦምቡ የወደቀው በሌላ ሕዝብ ላይ ነው። እኛ ይህን አቅልለን ልናልፈው አንፈልግም፤ በክፍላችን ይህን ትምህርት ስናስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ መጠየቁ አይቀርምና። ቻድዊክን ጨካኝ ነበር ማለት አንችልም፤ ጨካኝ ሰው ክኒን ሳይወስድ ይተኛል።

የኒውትሮን ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። ከጦርነቱ በኋላ ሳይንቲስቶች የኑክሊየር ማብለያውን ግድግዳ ቀዳዳ አበጅተውለት ኒውትሮኖችን እንደ ጅረት በቀጭኑ ወደ ውጭ ማስወጣት ጀመሩ። ጅረቱ ሊመረመር በተፈለገው ነገር ላይ ይለቀቃል፤ ኒውትሮኖቹ ተጋጭተው በየት አቅጣጫና በምን ፍጥነት እንደሄዱ በዙሪያው የተተከሉ መቁጠሪያዎች ይመዘግባሉ። ከዚያ ተነሥቶ አቶሞቹ በውስጥ የት የት እንደተቀመጡና እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ይሰላል። ክሊፎርድ ሹል በአሜሪካ ኦክ ሪጅ፣ በርትራም ብሮክሃውስ በካናዳ ቾክ ሪቨር ይህን ጥበብ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አዳበሩት፤ ሽልማቱ ግን የደረሳቸው በ1994 ነው። ሽልማት እንዲህ ይዘገያል!

ኤክስሬይ አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮኖችን ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሮን ያለው ከባድ ነገር ይጋርደዋል፤ ሃይድሮጂንን የመሰለው ቀላሉ ደግሞ ያመልጠዋል። ኒውትሮን ተገላቢጦሽ ናት። እርሳሱን አልፋ በውስጡ ያለውን ሰም ታያለች። የብረት ሞተር ውስጥ ዘይት ሲንቀሳቀስ፣ በአፈር ውስጥ የአትክልት ሥር ውኃ ሲስብ በኒውትሮን ፎቶግራፍ ይታያል። እሷ ራሷም እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነች የማግኔትን የውስጥ አሠራር ታሳያለች። ፈረንሳይ ግሬኖብል የሚገኘው ለዚሁ ሥራ የተተከለ ማብለያ በ1971 ተቀጣጥሎ ብዙ መሣሪያዎችን ሲያገለግል ኖሯል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ያለ ማብለያ፣ ፕሮቶንን አፍጥኖ በከባድ ብረት ላይ በማላተም ኒውትሮን የሚያመነጭ ተቋም አለ።

እንደ አርሲ ላለ የስንዴና የገብስ አገር የሚቀርበው ግን ሌላኛው መሣሪያ ነው። የእርሻ ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች የአፈርን እርጥበት የሚለኩበት የኒውትሮን መለኪያ አላቸው። ማሳው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይቀበራል፤ በቱቦው የኒውትሮን ምንጭና መቁጠሪያ ወደ ታች ይወርዳል። በአፈሩ ውኃ ካለ በውኃው ሃይድሮጂን ላይ የተጋጩት ኒውትሮኖች ዘግይተው ይመለሳሉና ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ አፈሩ ከደረቀ ቁጥሩ ያንሳል። ሳይቆፈር፣ ሥሩ ሳይነካ፣ ሜትር ተኩል ታች ያለው እርጥበት ይታወቃል። ምንጩ ምንድነው ቢባል አልፋ የሚያወጣ አሜሪሲየም ከቤሪሊየም ጋር የተቀላቀለበት ነው። ልክ እንደ ቻድዊክ ቧንቧ! ፖሎኒየሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

ቻድዊክ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 በካምብሪጅ የተማረበት ኮሌጅ አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። ከአባላቱ ጋር ባለመስማማት በ1958 ለቆ በዌልስ ተራሮች መካከል ባለች አነስተኛ ቤት ከባለቤቱ ጋር ኖረ፤ አትክልት ይኮተኩት ነበር። በ1969 ልጆቻቸው አጠገብ ለመሆን ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። በተወለደ በ82 ዓመቱ ጁላይ 24 ቀን 1974፣ በእኛ ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በተኛበት ዐረፈ። ይኸውም አገራችን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ከሥልጣን በወረዱበት ሳምንት መሆኑ ነው።

የብዩን ነገር በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ሐሙስ ከራት በኋላ በሳይንስ ክፍሉ በረንዳ ላይ እንገናኝ። አምስት እኩል የሆኑ ብዮችና አንድ ትልቅ ተዘጋጅተዋል፤ መሬቱ ሸካራ ስለሆነ መስታወት ወይም ለስላሳ ጣውላ ያለው ይዞ ቢመጣ ይረዳናል።